አባቶችን ወደ ኋላ ያሰለፍኩበት ሳምንት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴን ብጠይቃት ቀኑን ከነሰዓቱ ትነግረኛለች፤ ነገር ግን እሱን ከነገረችኝ በኋላ ሌላም ስለምትጨምርበት አልጠይቃትም። የቤት ማሞቂያውን ቦይለር የሚጠግነው ሠራተኛ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስቱንም ጊዜ ተስተካክሏል ብሎን የሄደበት የብርድ ወራት ነበር። ለንደን፣ ኤድመንተን ያለው ቤታችን ኩሽና ውስጥ ካፖርቴን ደርቤ መቀመጤን አልረሳም። ጡረታ ከወጣሁም ቆይቼ ነበር፤ አንድን ሰው ቀኑን ሙሉ መቀመጥ እንዴት እንደሚያስወቅሰው በደንብ ለምጄዋለሁ።

ባለቤቴ ኮሌጅ የገባችው ልጆቻችን ትዳር ይዘው ከወጡ በኋላ ነው። ዕድሜዋን ብጽፍ ትቀየመኛለች፤ ስትጨርስ ስድሳን ተሻግራ ነበር ልበልና ልለፈው። ቀን ትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ ለሕፃናት ድንች ትልጣለች፤ ከሥራ መልስ ትማራለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ስድስት ዓመት ሆናት። የቀራት የመጨረሻው ጽሑፍ ብቻ ነበር። የጻፈችው ስለ አራስ ነው። አገር ቤት አራስ ምን ትበላለች፣ ማን ይጠይቃታል፣ ስንት ቀን ትተኛለች፣ እዚህ ለንደን ስትወልድስ ከዚህ ሁሉ የቱ ይቀርባታል የሚል። እኔ ደግሞ ይህን ለማወቅ ስድስት ዓመት ምን ያደርጋል፣ እህትሽን ደውለሽ አትጠይቂያትም ወይ ብያት ነበር። የዚያን ቀን እራቴን የበላሁት ብቻዬን ነው።

ጽሑፉን አንድ ጊዜ አስረክባ መልሰውባት ነበር። አስተማሪዋ ሐሳቡ መልካም ነው፣ የምንጮቹ ዝርዝር ግን አይረባም አለቻት። የምንጭ ዝርዝር ጽሑፉ ሲያልቅ ከኋላ የሚቀመጥ ነው፤ ይህን ነገር ያገኘሁት ከእገሌ ጽሑፍ ነው፣ በዚህ ዓመት፣ በዚህ መጽሔት፣ በዚህ ገጽ ወጥቷል እየተባለ አንድ በአንድ ይጻፋል። የባለቤቴ መቶ ሠላሳ ምናምን ነበር። አንዱ ዓመት የለው፣ አንዱ ገጽ የለው፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ገብቷል። አርብ ከሰዓት በኋላ፣ በእንግሊዝ ሰዓት እስከ አራት፣ አስተካክላ በኢንተርኔት አፕሎድ ካላደረገች ዲግሪው ቀርቶ ዝቅ ያለ ወረቀት ተሰጥቷት ትሰናበታለች። ሦስተኛ ዕድል የለም። ይህን የነገረችኝ ቆማ ነው። ባለቤቴ ቁጭ ብላ የምትናገረውን ነገር ሰው ሊረሳው ይችላል፤ ቆማ የምትናገረውን አይረሳም።

የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራ፣ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ አንዲት እንግሊዛዊት አለች። ባለቤቴ ጭንቀቷን ብታዋያት ስክሪፕት የሚሉትን ነገር ሠራችላት። አንድ ገጽ የማይሞላ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጣል። የጽሑፎቹን የኢንተርኔት አድራሻ በተርታ ትሰጠዋለህ። እሱ እያንዳንዱ ዘንድ ሄዶ የጸሐፊውን ስም፣ ዓመቱን፣ ርእሱን፣ የመጽሔቱን ስምና ገጹን ለቅሞ ሰንጠረዥ ላይ ያሰፍርልሃል። ባለቤቴ እንዳስረዳችኝ እነዚህ የምርምር መጽሔቶች ኢንተርኔት ላይ ሲወጡ አንባቢ የማያየው ምልክት ውስጣቸው ይቀመጣል፤ ስክሪፕቱ የሚያነበው እሱን ነው። ይህቺ ቶሎ ገባችኝ። መርካቶ ሸሚዝ ስሸጥ ደንበኛ የሚያየው ቀለሙን ነበር፤ እኔ የማየው አንገቱ ውስጥ የተሰፋችውን ጨርቅ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ስክሪፕቱን ስታስነሳው አጠገቧ ነበርኩ። ያን ሁሉ ጽሑፍ ሻይዬ ሳይበርድ ለቅሞ ጨረሰ። ታዲያ ምን ቀረሽ አልኳት። ማሽን አይታመንም፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ረድፍ በረድፍ ከገጹ ጋር ቼክ ማድረግ አለበት፣ እኔ ደግሞ የመጨረሻውን ምዕራፍ ላሻሽለው ብዬ እንደገና እየጻፍኩት ነው አለች። ይህን ብላ አየችኝ። ኩሽናው ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

አራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው መሆኔን አስታወስኳት።

«አንብብ መች አልኩህ?» አለችኝ። «አመሳስል ነው ያልኩህ።»

ማመሳሰል እችላለሁ። የእንግሊዝኛ ፊደል የለየሁት የሸሚዝ ካርቶን ላይ ያለውን ከመጣው ወረቀት ጋር ሳመሳስል ነው። ከዚያ ወዲህም ቃላቱን ባላውቃቸው እንኳ ፊደል ሲጎድል ዓይኔን ይቆረቁረኛል። መነጽሬን ጠርጌ ተቀመጥኩ። አሠራሩን አሳየችኝ፤ ልክ የሆነውን አረንጓዴ፣ ልክ ያልሆነውን ቀይ አድርገው፣ የጎደለውን ገጹን ከፍተህ ሙላው። ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው።

መጀመሪያ ላይ ስክሪፕቱን በጣም አዘንኩለት። የሚገባበት ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ መጽሔት በር ላይ «ኩኪስ ትቀበላለህ ወይ» የሚል፣ ድረ ገጾች ሁሉ የሚጠይቁትን ማስታወቂያ ለጥፏል፤ የእኛው ተላላኪ ማስታወቂያውን የጽሑፉ ርእስ አድርጎ ይዞት መጣ። ስለዚህ በሰንጠረዡ መሠረት ሁለት ፕሮፌሰሮች ስለ ኩኪስ ምርምር አድርገዋል። ሌላው ቤት ደግሞ ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ ብሎ ጠየቀው። እንግዲህ ምን ይበል? መዋሸት አልተማረም፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። እነዚህን ሁሉ እየከፈትኩ በእጄ ሞላኋቸው። ሃያ ያህል ነበሩ። በአንድ ጣት ነው የምጽፈው፤ ግን ጣቴ አይሳሳትም።

አንዱን ጽሑፍ አሥራ አንድ ሰው ጽፎታል። አጥሚት የአራስ ወተት ይጨምራል አይጨምርም የሚል ነው። አሥራ አንድ ሰው ስለ አጥሚት! ለአጥሚቱም ቢሆን ይህን ያህል ሰው አይሰበሰብም።

ከአጥሚቱ ጽሑፍ ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። ጸሐፊዎቹ የአገራችን ልጆች ናቸው። ገጹን ስከፍት እንደ ማንኛችንም ተጽፈዋል፤ እንትና እገሌ፣ መጀመሪያ ልጁ ቀጥሎ አባቱ። ሰንጠረዡ ላይ ግን አባትየው እገሌ ሙሉ ስማቸው ከፊት ተሰይሟል፣ ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ የጻፈው ልጅ አንዲት ፊደል ብቻ ሆኖ ከኋላ ተቀምጧል። ቀጣዩን አየሁ፤ እሱም እንደዚያው። አሥራ አንዱም አባቶች ከፊት ተደርድረዋል፤ አሥራ አንዱ ልጆች አንዳንድ ፊደል ይዘው ከኋላቸው ቆመዋል። ማሽኑ ተሳስቷል አልኩ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሃያ ዓመት በጽዳት ስሠራ አንድም ቀን በስሜ ተጠርቼ አላውቅም። አለቃው በሬዲዮ የሚጠራው አባቴን ነበር። የሥራ ልብሴ ላይ የተሰፋው የአባቴ ስም ነው፤ የበዓል ፈቃድ የጠየቁት አባቴ ናቸው፤ ዘግይተው በመግባት ማስጠንቀቂያ የተጻፈባቸውም እሳቸው ናቸው። አባቴ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ አላህ ይማራቸው፤ በሕይወታቸው መጥረጊያ ጨብጠው አያውቁም፤ የውዱ ውሃ እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚያፈስላቸው። አውሮፕላንም አላዩም። ከሞቱ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ የሂትሮውን ሽንት ቤት ጠረጉ። ቤታችንም ሲመጣ ፖስተኛው ደብዳቤ የሚጥለው ለሦስት ሰው ነው፤ ለእኔ በአባቴ፣ ለባለቤቴ በአባቷ፣ ለልጆቹ በእኔ። አንድ ጊዜ የካውንስል፣ ማለት የእዚህ ቀበሌ፣ ሠራተኛ መጥቶ ስንት ቤተሰብ እዚህ እንደሚኖር በጨዋ ደንብ ጠይቆናል።

ስለዚህ አሥራ አንዱ ልጆች ገቡኝ። ደክመው ጽፈው፣ ስማቸው አንዲት ፊደል ሆና ስትቀር ማየት ከበደኝ። አስተካከልኳቸው። ገጹን እየከፈትኩ የልጁን ስም ሙሉውን ከፊት፣ የአባቱን ከኋላ። ነጠላ ሰረዟ ምን እንደምትሠራ ስላላወቅሁ አልጣልኳትም፤ የሰው ዕቃ ናትና መካከላቸው ተውኳት። ገጹ ላይ ዶክተር ወይም ፕሮፌሰር የሚል ካየሁ እሱንም ጨመርኩ፤ ሰው ያን ያህል ተምሮ ማዕረጉ አይዘለልም። ከዚያ ደግሞ ወደ እንግሊዞቹ ስደርስ ማሽኑ እነሱንም በአባታቸው እየጠራ አገኘሁት። የእኛን አስተካክዬ የእነሱን መተው አድልዎ ሆነብኝ። እነሱንም አስተካከልኩ። ቻይኖቹ ትንሽ አስቸገሩኝ፤ ገጹ ላይ ራሱ የትኛው አባት የትኛው ልጅ እንደሆነ አይለይም። ግን ሰው የሚለይበት ሥራ ስላልነበረ እነሱንም በአንድ ደንብ አስገባኋቸው።

ስም ሲለወጥ ተራውም ይለወጣል። በፊደል ቅደም ተከተል መሆን አለበት ብላኝ ነበር። ረቡዕንና ሐሙስን ረድፎቹን እያነሳሁ ሳስቀምጥ ዋልኩ። ባለቤቴ ለሶላትና ለምግብ ስትወጣ እንዴት ነው ትለኛለች። ጥሩ ነው፣ ብዙ ስህተት ነበረው፣ እያስተካከልኩት ነው እላታለሁ። እጇን ትከሻዬ ላይ ታደርግና ተመልሳ ትገባለች። እውነቴን ነው፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ከትዳራችን ሁሉ የበለጠ ተግባብተናል።

ሐሙስ ማታ ሁሉም ረድፍ አረንጓዴ ሆነ። ላፕቶፑን ዘግቼ ላዩን በጨርቅ ጠረግኩት።

ስለ ባለቤቴ ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። በደህናው ጊዜ አንተ ትለኛለች። ዕድሜዬ ከእሷ ቢበልጥም ከተጋባን ጀምሮ አንተ ነኝ። ስትቀየመኝ ግን እርስዎ እሆናለሁ። ሰው ሲሰማ እንዴት ያለች ጨዋ ሚስት ናት ይላል። ልጆቻችን ሕፃን ሳሉ እናታቸው እርስዎ ስትል ከሰሙ ጫማቸውን አድርገው ወደ ውጭ ይወጡ ነበር።

አርብ ጠዋት የእኔን ሰንጠረዥ ከእሷ ጽሑፍ ጋር ለማገናኘት ከፈተችው። እኔ እንቁላል እየጠበስኩ ነበር። መዳፏን ጉንጯ ላይ አድርጋ ወደ ታች ወረደች፤ ወደ ላይ ወጣች። ከዚያ ዞር ሳትል፦

«እርስዎ» አለችኝ፤ «እዚህ ላይ ያሉትን አባቶች የት አደረሷቸው?»

እንቁላሉን አወረድኩት።

ጥፋቴን ያስረዳችኝ በዝግታ ነው። እሷ ጽሑፉ ውስጥ ሐሳብ በጠቀሰች ቁጥር በቅንፍ የአባትየውን ስምና ዓመቱን ጽፋለች፤ የኮሌጁ ደንብ ነው። አንባቢው ያንን ስም ይዞ ወደ ኋላ ሄዶ ዝርዝሩ ላይ ይፈልገዋል። አሁን ግን ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያገኘው ልጁን ነው። ጽሑፏ ውስጥ ያሉት መቶ ሠላሳ ሰዎች አንዳቸውም ዝርዝሩ ላይ የሉም፤ ዝርዝሩ ላይ ያሉትም አንዳቸውም ጽሑፏ ውስጥ የሉም። በዚያ ላይ ስንትና ስንት ዶክተርና ፕሮፌሰር ተጨምሯል። ቀድሞ የመለሱባት ዝርዝር እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር አለች። ይህን ስትል አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ስክሪፕቱን እንደገና አስነሺው አልኳት። አስነሳችው። መጽሔቶቹ ግን ማክሰኞ በአንድ ጊዜ ብዙ በር ማንኳኳቱን አይተው ኖሮ አሁን አብዛኞቹ አልከፍት አሉት። የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ ደግሞ እኔው በላዩ ላይ ሠርቼበታለሁ፤ ሌላ ቅጂ የለም። ሰዓቱ ረፋድ ሆኗል። ላፕቶፑን በሻሽ ጠቀለለችው፣ በባለ ጎማው የገበያ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው፣ ወጣን። ይምጡ አላለችኝም፤ ይቅሩም አላለችኝም። ቦርሳውን እየጎተትኩ ተከተልኳት።

አውቶቡሱ በየፌርማታው ቆመ። አንዱ ፌርማታ ላይ ሹፌሩ ተለውጦ አዲሱ ወንበሩን ሲያስተካክል፣ መስታወቱን ሲያስተካክል፣ እንደገና ወንበሩን ሲያስተካክል አየነው። ባለቤቴ በመስኮት ትመለከታለች። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ «ቦርሳውን ይያዙት፣ እንዳይንከባለል» አለች። ስድስት ዓመት ከሥራ መልስ በዚህ መንገድ ስትመላለስ አንድም ቀን አብሬያት ሄጄ እንደማላውቅ ያኔ አሰብኩ። መንገዱ ይህን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ጁምዓም አመለጠኝ፤ ግን ከዚያ አውቶቡስ ላይ ያደረግሁትን ዱዓ ያህል በሌላ አርብ አድርጌ አላውቅም።

ነጭ ፀጉሯ ሴትዮ ጠረጴዛዋ ላይ ሳንድዊች ልትበላ ስትል ነው የደረስንባት። ባለቤቴ በእንግሊዝኛ አስረዳቻት። እኔን የጠቆመችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በጣት ሳይሆን በአገጯ። ሴትየዋ ሳንድዊቿን ጠቅልላ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው። እኔ የገበያ ቦርሳውን እጀታ እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። ወደ ታች አየች፤ ፈገግ አለች፤ እንደገና ወደ ታች አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ጠየቀችኝ።

በማውቃት እንግሊዝኛ ነገርኳት። በእኛ አገር ስም የራስ ነው፤ የአባት ከኋላ ይከተላል፤ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም፤ ጽሑፉን የጻፈው ደግሞ ልጁ ነው። ስለ ሂትሮውም ነገርኳት። አባቴ ሽንት ቤቱን ስንት ዓመት እንደጠረጉ ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። ለእኛ አገር ሰዎች እንደ እኔ አድርገው የሚጽፉ መጻሕፍት እንዳሉ፣ ትክክልም እንደሆነ ነገረችኝ፤ የዚህ ኮሌጅ ደንብ ግን አንድ ብቻ ነው፣ ለእንግሊዞቹ ደግሞ ምንም ማድረግ አልነበረብህም አለች። ባለቤቴ ትክክል የሚለውን ቃል ስትሰማ ወደ ጣሪያው ተመለከተች።

ቀጥላ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነበር። የዘለልከው ሰው አለ?

የለም አልኳት።

አንድም?

አንድም። አሥራ አንዱንም አጥሚቶች።

ጥቂት ረድፎችን አየት አየት አደረገች። ነጠላ ሰረዟን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ሰረዟ ሁሉም ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጅ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ አባት። ልጅ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ አባት። ያን ጊዜ ለባለቤቴ የተናገረችውን ባለቤቴ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ፤ ሳትወድ መሰለኝ።

«ስህተቱ እንኳ ንጹሕ ነው አለች። ግማሹን አስተካክለው ግማሹን ትተውት ቢሆን አልቆልኝ ነበር ትላለች።»

ሴትየዋ ስክሪፕቱን ከፈተችና ሦስት መስመር ጨመረችበት። የመጀመሪያው ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ያለውን ወደ ፊት አምጣ፣ የልጁንም ስም ወደ አንድ ፊደል ቁረጠው ይላል። ከሙሉ ስም ፊደል መቁረጥ ቀላል ነው፤ ከአንዲት ፊደል ሙሉ ስም ማውጣት ግን ማንም አይችልም አለች፤ ይህን ስሰማ ባለቤቴን አላየኋትም። ሁለተኛው መስመር ዶክተሮቹንና ፕሮፌሰሮቹን ማዕረጋቸውን ይገፍፋል። ሦስተኛው በፊደል ተራ ያሰልፋል። አንድ ቁልፍ ነካች። ሁለት ቀን የፈጀብኝን ሰልፍ ትንፋሼን ሳልመልስ ገለበጠችው። አባቶቹ ሁሉ ወደ ፊት ተመለሱ። ልጆቹ አንዳንድ ፊደላቸውን ይዘው ከኋላ ቆሙ። ትንሽ ከፋኝ፤ አልዋሽም።

በእጄ የሞላኋቸውን ሃያዎቹን ከየገጻቸው ጋር አስተያየቻቸው። ቻይኖቹን አብራ አቃናቻቸው። በኩኪስ ላይ ምርምር ያደረጉት ፕሮፌሰሮችም ትክክለኛ ርእሳቸው እንደተመለሰላቸው ስታይ ይህን ማን አገኘው አለች። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ በጣት ጠቆመችኝ።

አራት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ባለቤቴ አፕሎድ አደረገች። ገቢ ሆኗል የሚለው ጽሑፍ ሲወጣ ሁለቱም ሴቶች ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ደገፍ አለችና፦

«አንተ» አለችኝ፤ «ቁርስህን ሳትበላ ነው የወጣኸው አይደል?»

ያቺን አንተ የመሰለ ቃል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ጽሑፉ ተቀባይነት አገኘ፤ አለፈች። በበጋው የምረቃው ቀን ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ፣ ጥቁር ካባ ለብሳ ስትወጣ በድምፅ ማጉያ ሲጠሯት ሰማሁ። የእሷን ስም ለስለስ አድርገው አለፉትና የአባቷን ግን ሙሉ አዳራሹ እስኪሰማ ጠሩት። አማቼ ለሴት ልጅ ስድስተኛ ክፍል ይበቃታል ብለው ከትምህርት ቤት ያስቀሯት ሰው ነበሩ፤ አላህ ይማራቸው። የእኔ አባት ሂትሮውን ጠረጉ፤ የእሷ አባት ዲግሪ ጫኑ። ሁለቱም ሳያውቁት።

በዚህ ጽሑፍ ላይ የማንንም ስም አልጽፍም ብዬ ነው የጀመርኩት፤ በስም ነገር አንድ ጊዜ ተነክቻለሁና። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ደረቷ ላይ የምትለጥፋት ካርድ ላይ ያለው የራሷ ስም ብቻ ነው፤ አባቷ የሉበትም፤ እሱንም ያኔ በደስታ አይቼዋለሁ። የሆነ ሆኖ ያቺን አርብ ያሻገረችኝ፣ ሳንድዊቿን ሳትበላ የቀረችው፣ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ነጭ ፀጉሯ ሴትዮ ናት።